«ስልክ ነው» ብዬ አለፍኩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ። የጋዜጣችሁ የቆየሁ አንባቢ ነኝ፣ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ነገር ትንሽ ነው። ባትሪ።

ቢሮዬ ያለበት ሕንፃ በር ላይ በየጠዋቱ የሚፈትሹን አንድ ጋሼ አሉ። ያቺን ጥቁር የብረት መፈተሻ ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ያወርዷታል። ጢጥ ስትል «ስልክ ነው?» ይሉኛል። «ስልክ ነው» እላለሁ። «ግባ ልጄ፣ መልካም ቀን»። ጀርባዬ ላይ የላፕቶፕ ቦርሳ አለ፣ እጄ ላይ ደግሞ ምሳ ዕቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ከፍቶ አይቶት አያውቅም።

ባለፈው ወር አንድ ሰኞ እንደ ልማዳቸው አወረዷት። «ስልክ ነው?» አሉኝ። «ስልክ ነው» ብዬ ገባሁ። ሁለት ደረጃ ከወጣሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ጢጥ አላለችም እኮ! ተመልሼ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «ባትሪው ካለቀ ሳምንት አለፈው። ለኃላፊዎቹ ነግሬያለሁ። እስከዚያው ለግርማ ሞገስ ይዣት እቆማለሁ» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሊፍት ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ አልቀጠለልኝም። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ በር የገባነው ሁሉ፣ ሠራተኛው፣ ባለጉዳዩ፣ ምድር ቤት ያለው ካፌ ማኪያቶ ሊጠጣ የመጣው፣ ጢጥ ሳይል «ስልክ ነው» እያልን ስናልፍ አንዳችንም ልብ አላልንም።

ጥፋቱን በጥበቃዎቹ ላይ ላላክክ አይደለም። ጥፋቱ የኛም ነው፣ የኔ ደግሞ ይብሳል። ከዓመት በፊት እዚያው በር ላይ አንዲት ወጣት ፈታሽ ተቀጥራ ነበር። ልጅቷ ሥራዋን የምር ያዘችው። ቦርሳ አስከፍታ እጇን ሰድዳ ታያለች። ምሳ ዕቃ ታስከፍታለች። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። ከፊቴ የቆመ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ «አንቺ ልጅ፣ በየቀኑ የማልፍ ሰው ነኝ፣ አታውቂኝም?» ብሎ ጮኸባት። «አውቅዎታለሁ፣ ቦርሳዎን ነው የማላውቀው» አለችው። ከኋላ አንዱ «ሥራ ፈት!» አለ። እኔ ምን አልኩ? «እህቴ፣ ረፍዶብናል እኮ፣ ቶሎ ቶሎ በይ»። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ አልነበረችም። ቅሬታ በዝቶባት እንደተነሳች ሰማሁ። የቀሩት እኒያ «ግባ ልጄ» የሚሉት ጋሼ ናቸው፤ እንወዳቸዋለን፣ በበዓል ብር እናዋጣላቸዋለን።

አሁን «አንተ ደግሞ፣ እኛ አገር ምን ሽብር አለ» የሚለኝ አይጠፋም። ጥቅምት 3 ቀን 2006ን እናስታውሳት እስቲ። እሑድ ነው። ዋልያዎቹ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ስታዲየም የገጠሙበት ቀን። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ፊቴን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተቀብቼ፣ ድምፄ ተዘግቶ። በዚያው ዕለት ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ፈንጂ ፈንድቶ ሁለት የሶማሊያ ዜጎች ሞቱ። ፈንጂው የራሳቸው ነው፣ እጃቸው ላይ ነው የፈነዳው። ያቀዱት ለጨዋታው በወጣው ደጋፊ መሀል ራሳቸውን ለማፈንዳት እንደነበር መንግሥት አስታወቀ። ቤቱ ውስጥ ከተገኘው ነገር መካከል የብሔራዊ ቡድናችን ማሊያ እንደነበረበት ተነገረ። ማሊያ! እኔ የለበስኩትን ዓይነት።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ውስጥ 67 ሰው ከተገደለ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ የነበረው ወሬ ግን ምን መሰላችሁ? በመጨረሻዋ ደቂቃ የተሰጠብን ፍጹም ቅጣት ምት። ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ ስለ ዳኛው ተነታረክን። ስለ ፈንጂው አንዲት ሴትዮ ብቻ «እግዜር አተረፈን» አሉ፣ ሁላችንም «አሜን» አልን፣ ወራጅ አለ ተባለ፣ አለቀ። እኔም አሜን ካሉት አንዱ ነኝ። ግን ያተረፈን ፍተሻችን እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

በ2007 ጥቅምት የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን በቦሌ አካባቢ ካሉ ሬስቶራንቶችና ሆቴሎች ራቁ ብሎ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያውን ያነበብኩት የት ሆኜ ነው? ቦሌ፣ ካፌ በረንዳ ላይ፣ በስልኬ። ጓደኛዬ «እንግዲያው ፈረንጅ የሌለበት ቦታ እንቀመጥ» ብሎ ወደ ጓዳ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ አዛወረን። የወሰድነው የጥንቃቄ እርምጃ ይኸው ነበር።

ካምፓላን ደግሞ የረሳነው ይመስለኛል። የ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ማታ፣ ሐምሌ 4፣ አልሸባብ ጨዋታ በሚያዩ ሰዎች መሀል ቦንብ አፈነዳ። ከ70 በላይ ሰው አለቀ። አንዱ ቦታ የራግቢ ክለብ ነው። ሌላው ካባላጋላ ሰፈር ያለ «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» የሚባል ምግብ ቤት ነው፣ ስሙ እንደሚነግራችሁ የኛ ምግብ ቤት። በኋላ ፖሊስ ሳይፈነዳ የቀረ የአጥፍቶ ጠፊ ፈንጂ ከአንድ ጭፈራ ቤት አገኘ። የነበረው የላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ነው። ያን ሰኞ ሊፍት ውስጥ ሳቄን የቆረጠችው ይህቺ ነገር ናት። ጀርባዬ ላይ ያለው ምን ዓይነት ቦርሳ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እዚሁ አዲስ አበባ የፈነዳውን ብንቆጥርም ብዙ ነው። በ1988 ጊዮን ሆቴል፣ በዚያው ዓመት ክረምት ዋቢ ሸበሌ ሆቴል። በግንቦት 2000 ከሒልተን አጠገብ ሚኒባስ ውስጥ። በሰኔ 2010 መስቀል አደባባይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በወጣበት ቀን። ሁሌም ለሁለት ሳምንት እንነቃለን። ለሁለት ሳምንት ጫማ ሳይቀር ይፈተሻል። ከዚያ «ግባ ልጄ»።

ለምን እንዲህ ሆንን ብዬ ሳስብ ወደ አንድ ነገር እመጣለሁ፣ እናንተ ብታትሙትም ባታትሙትም እላለሁ። «ሽብርተኛ» የሚለው ቃል እኛ አገር አርጅቷል። ያስረጁት ደግሞ ባለሥልጣኖቻችን ናቸው። የፀረ ሽብር አዋጁ፣ አዋጅ 652/2001፣ ከወጣ በኋላ ጋዜጠኛው ሽብርተኛ፣ ጦማሪው ሽብርተኛ፣ ተቃዋሚው ሽብርተኛ ተባለ። ሰዎቹን በስማቸው እናውቃቸዋለን፣ ጽሑፋቸውን እናነባለን። አዋጁ በ2012 በሌላ ተተካ፣ በጆሯችን የገባው ግን ከጆሯችን አልወጣም። ዛሬ ቴሌቪዥን «የሽብር ጥቃት ሊፈጽሙ ሲሉ ተያዙ» ሲል እናቴ ሪሞቱን ታነሳለች። «ደግሞ ማንን አሰሩ?» ትላለች። ስለ ፈንጂው አትጠይቅም፣ እኔም አልፈርድባትም። መንግሥት ማስጠንቀቂያውን እንድናምነው ከፈለገ መጀመሪያ ቃሉን ለሌላ ነገር መጠቀም ይተው።

መጠንቀቅ ሲባል ደግሞ ሰው መጠርጠር የሚመስላቸው አሉ። ከ2006ቱ ፍንዳታ በኋላ ቦሌ ሚካኤል ያሉ የሶማሌ ጎረቤቶቻችንን በክፉ ዓይን ያየ ብዙ ነበር። ነውር ነው። ሱቅ ከፍቶ፣ ልጆቹን ከልጆቻችን ጋር የሚያስተምር ሰው ፊቱ አይፈተሽም። እዚያው እኛ በር ላይ እንኳ ሲሚንቶ የነካው ልብስ የለበሰውን የቀን ሠራተኛ እጅ ወደ ላይ አስብለው ኪሱን ሲገለብጡ፣ ሱፍ የለበሰውን ሰላም ብለው ያሳልፉታል። ያቺ የተባረረችው ልጅ ሁላችንንም እኩል ነበር የምታስከፍተን። ያልወደድንላትም ለዚህ ይመስለኛል።

ፊት መጠርጠር እንዲህ ይቀለናል፣ ዕቃ ሲሆን ግን የምናምነው አይጣል ነው። መናኸሪያ ቆማችሁ የማታውቁት ሰው «ወንድሜ፣ እቺን ሻንጣ እይልኝማ፣ ውኃ ገዝቼ ልምጣ» ይላችኋል። ታያላችሁ። ሚኒባስ ሊነሳ ሲል አንዱ በመስኮት ካርቶን ያቀብላል፤ «ሹፌር፣ አዳማ ስትደርስ የሚቀበልህ ሰው አለ፣ ስልኩ ላዩ ላይ ተጽፏል»። ምን እንዳለበት የሚጠይቅ የለም። ብር ይቀበላል፣ ካርቶኑን እግራችን ሥር ይገፋዋል፣ እኛም እግራችንን ሰብሰብ እናደርግለታለን። ደላላ ያመጣውን ተከራይ «መታወቂያህ?» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ይሉኝታችን ደግ ነገር ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን ካርቶኑን «እስቲ ክፈተው» ማለት ማንንም አይገድልም።

ወደ ባትሪው ልመለስ። ለሕንፃው አስተዳደር ደውዬ ነበር፣ «በግዢ ሂደት ላይ ነው» አሉኝ። የባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ግዢ! ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ባለፈው ሐሙስ ራሴ መርካቶ ገዛሁና ለጋሼ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ አስገቡት። መብራቷ በራ። ከትከሻዬ ጀምረው አወረዷት፣ ወገቤ ጋ ስትደርስ ጮኸች።

«ቀበቶ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እስቲ ፍታው» አሉኝ።

ፈታሁት። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ ቦርሳዬን ከፍቼ ሳሳያቸው፣ ከኋላዬ አንዱ «ኧረ በናታችሁ፣ ረፈደብን!» አለ።

አክባሪያችሁ
ከአዲስ አበባ