ስለ መውደቅ ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። እርስዎ ግን ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ ሂሳብ ይቆጥርብሻል» ብለው ቶሎ ስለሚዘጉት ወረቀት መረጥኩ። መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ መውደቅዎን እህቴ ነግራኛለች። «እሷ እንዳትሰማ፣ በሰው አገር ትጨነቃለች» ማለትዎንም ጭምር። እባክዎ አይቆጧት።

እኔም የደበቅሁዎት ነገር አለ። «ማታ ማታ ስፖርት እሠራለሁ» የምልዎት ጁዶ ነው፤ የጃፓኖች ትግል። የጀመርኩት በ35 ዓመቴ ነው፣ አሁን 41 ሞልቶኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ወር ሙሉ በድምፅ ብቻ ስደውልልዎት ትዝ ይልዎታል? «ካሜራው ተበላሽቷል» ብዬ ዋሽቼዎት ነበር። ክንዴ ታስሮ ነው። ስወድቅ እጄን ዘርግቼ መሬቱን ልይዝ ስል ከትከሻ ወደ አንገት የሚሄደው አጥንት ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የሌላ ሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ የተማርኩትን በድንጋጤ ረስቼው ነው።

ጁዶ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ሰው መጣልን አይደለም፣ መውደቅን ነው። ኡኬሚ ይሉታል። ወደ ኋላ ሲወድቁ አገጭ ደረት ላይ ይጠጋል፣ ዐይን የራስን ቀበቶ ቋጠሮ ያያል። ቋጠሮውን እያየ የሚወድቅ ሰው ጭንቅላቱ ምንጣፉን አይመታም። ጀርባ ይጎብጣል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ ክንድ ከጎን ምንጣፉን ጯ አድርጎ ይመታል። እጅ ወደ ኋላ መዘርጋት ግን ክልክል ነው። መጀመሪያ ቁጢጥ ተብሎ ይሞከራል፣ በኋላ ተቁሞ። እኔ ቁጢጥ ብዬ ብቻ ሁለት ወር ፈጀሁ። ሕፃናቱ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ኳስ ይንከባለላሉ። የአዋቂ ሰውነት መሬትን ይፈራል፣ አባባ፤ ፍርሃቱ የሚወጣውም በመቶ ጊዜ መውደቅ ነው።

ደረጃው በቀበቶ ቀለም ይታወቃል። ቀበቶው እንደ እማማ መቀነት ወገብ ላይ ሁለቴ ዞሮ ነው የሚታሰረው። እዚህ ጀርመን ከነጭ ተነስቶ በቢጫ፣ በብርቱካን፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ በኩል ቡናማ ላይ ይደረሳል፤ በመሃል ግማሽ በግማሽ የሆኑም አሉ። በጠቅላላው ስምንት ፈተና ነው። የመጀመሪያውን የተፈተንኩት ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ ነው። አረንጓዴው ላይ ወደቅሁ፤ በግራ በኩል የሚሠራውን አጣጣል አምታታሁት። ከአምስት ወር በኋላ ተመልሼ አለፍኩ። ባለፈው ሰኔ ቡናማውን አሰርኩ።

መምህር ስለሆኑ ይህ ደስ ይልዎታል፦ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ጁዶን የመሠረቱት ጂጎሮ ካኖም መምህር ነበሩ፤ ቶኪዮ ውስጥ የመምህራን ማሠልጠኛ መርተዋል። ቀለማቱን አውሮፓ ውስጥ ያስፋፋው ደግሞ ፓሪስ ያስተምር የነበረ ካዋይሺ የሚባል ጃፓናዊ ነው። አዋቂ ተማሪ ሩቁን ጥቁር ቀበቶ ብቻ እያየ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብሎ ይመስለኛል።

ጁዶ ኦሎምፒክ የገባውም እርስዎ በሚያውቁት ቶኪዮ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1957፣ አበበ ቢቂላ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶኑን አሸንፎ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታበት! ስንቴ አጫውተውናል። ከዚያ በሁለተኛው ቀን አንቶን ጌሲንክ የሚባል ግዙፍ ሆላንዳዊ የጃፓኑን ካሚናጋን በገዛ አገሩ አሸነፈ። ደጋፊዎቹ እየጨፈሩ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ጌሲንክ እጁን አንስቶ አስቆማቸው። ካሚናጋ ገና ከምንጣፉ አልወረደም ነበር። ከወርቁ ይልቅ ያቺን እጅ እወዳታለሁ።

አሁን ለጥቁሩ እየተዘጋጀሁ ነው። ናጌ-ኖ-ካታ የሚባል ሁለት ሰው በቅደም ተከተል የሚያሳየው ልምምድ አለ፤ 15 አጣጣል፣ እያንዳንዱ በቀኝም በግራም። አጣማሪዬ በአንድ ዙር 30 ጊዜ ይወድቅልኛል ማለት ነው። 63 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ። ካታ-ጉሩማ የሚባለው አጣጣል ላይ ስንደርስ ትከሻዬ ላይ አግድም አነሳዋለሁ፤ ክብደቱ አንገቴ ላይ ሲያርፍ፣ ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማኛል። ከዚያ ይወርዳል፣ ክንዱ ምንጣፉን ሲመታ አዳራሹ ያስተጋባል። ተነስቶ የልብሱን ደረት ያስተካክልና «በግራ» ይለኛል። ፈተናው የኔ፣ ቀበቶው የኔ፤ ለእሱ ከዚህ ምንም አይደርሰውም። ሲወድቅ ባየሁት ቁጥር እርስዎ ይመጡብኛል፤ እኛን ለማስተማር ስንቱን ወድቀው ሳንሰማ እንደተነሱ።

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይሉ ነበር። እኛ ልጆችዎ ግን ምሳር አይደለንም፣ አባባ።

እንዲንከባለሉ አልጠይቅዎትም። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነውና የማውቀውን ልንገርዎት። ከወደቁ ቶሎ ልነሳ አይበሉ፤ መጀመሪያ ይተንፍሱ፣ የሚያም ነገር እንዳለ ያዳምጡ። ከባድ ሕመም ካለ ሳይንቀሳቀሱ ይጣሩ። ከሌለ በጎንዎ ይዙሩ፣ በእጅና በጉልበትዎ ወደማይንሸራተት ወንበር ይሂዱ፣ ሁለት እጅዎን መቀመጫው ላይ አድርገው ጠንካራ እግርዎን ያስቀድሙ። ለጥምቀት ስመጣ አብረን ምንጣፍ ላይ እንሠራዋለን፤ ግድግዳ ላይ የሚገጠም መያዣም ገዝቻለሁ።

እስከዚያ በዚያ በሚያምር ጽሕፈትዎ ይጻፉልኝ፤ በየትኛው ጎንዎ ወደቁ? እጅዎን ዘርግተው ነበር? ጭንቅላትዎን ነክቶዎታል? ሁሉንም፣ ሳያስቀሩ።

ልጅዎ