እንጨት መሳይ ፈረሶች

ሰላም ለሁላችሁ! ለቅዳሜው ልምምዳችን ሠዓሊ ሳይሆን ቀራፂ መርጫለሁ፤ ዴቦራ በተርፊልድ ትባላለች። በ1949 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ተወልዳ በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ከፈረሶቿ ጋር የከተመች፣ በሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲም ያስተማረች ሴት ናት።

የምትቀርፀውም ፈረስ ነው። ድሮ የፈረስ ቅርፆቿን የምትሠራው በጭቃና በጭራሮ ነበር፤ ቀጥሎ በቁርጥራጭ ብረት። የኋለኞቹ ግን የደረቀ እንጨት ይመስላሉ እንጂ ነሐስ ናቸው! እያንዳንዱ እንጨት ቅርፁን በሚይዝ፣ እሳት በሚችል ልባስ ይሸፈንና ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ እሱ በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል፣ ከዚያ ብየዳው፣ በመጨረሻም እንጨት የሚያስመስለው ቀለም። እኔማ ፎቶውን አይቼ ተሸውጃለሁ።

ደስ የሚለኝ ደግሞ ካውቦይ የለም፣ ግልቢያ የለም፤ ፈረሱ ዝም ብሎ ቆሟል ወይም ጋደም ብሏል።

እና ቅዳሜ እርሳሱን ተዉትና ጭራሮና ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ ኑ። ፒንሳ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ያምጣ፣ የኔ ጠፍቷል።