ልጅሽ ደርሳለች

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲገባ ያምሽ ነበር።

እኛ ደህና ነን። ድሬ አሁን የምትወደድበት ወቅት ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፤ ከዚራ ዛፎቹ ስር ሰው ነጠላ ደርቦ ይሄዳል። እኔ እዚያው ቀፊራ ሱቄ ውስጥ ነኝ፤ ድሪያና ሻሽ እሸጣለሁ። እናትሽን ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ትደዋወላላችሁ አይደል?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። ቤቴ እስክገባ ድረስ ያ ውሸት ደረቴ ላይ ቆየ። ማታ ወረቀት አነሳሁ።

ከተዘጋጋን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ደውለሽ አላነሳሁም። ለአዲስ ዓመት የላክሽውን መልእክት አንብቤ ዝም አልኩ። ምክንያቱን ሳትገምቺው አትቀሪም፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማሽም። በስልክ ልነግርሽ ብዬ ድምፄን አላመንኩትም።

ከ2016 ፋሲካ በፊት ነበር። ልጄ፣ ያው ልጅሽ፣ ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ የመቀበያ ደብዳቤ መጣላት። ቤታችን እልል ተባለ። ከዚያ ለቪዛ የመጀመሪያ ዓመት ወጪዋን የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለ አሳዩ ተባልን። እኔ ደግሞ አንቺ እዚያ እያለሽ ምን ያሳስበኛል ብዬ «ዋስ ሁኚልን፣ አንድ ፊርማ ናት» አልኩሽ። ሁለት ቀን አስበሽ «አልችልም፣ ይቅር በይኝ» አልሽኝ። እኔ የሰማሁት «አልፈልግም» የሚለውን ነው። በአንድ ደብተር ተጋርተን የተማርን ሰዎች፣ አንድ ፊርማ! እንዲህ ብዬ ተቀየምኩሽ።

ዋስ ከሌለ የቀረው መንገድ ዝግ ሒሳብ ነው። እነሱ ሽፔርኮንቶ ይሉታል። አንቺ አካውንት የከፈትሽው እዚያ ከገባሽ፣ አድራሻ ካለሽ በኋላ ነው። ሰው ሀገሩ ላይ ተቀምጦ፣ ባልረገጠው ሀገር ባንክ ውስጥ ደብተር ማውጣት ምን እንደሚመስል አላየሽውም። ስለዚህ ልተርክልሽ።

የዓመቱን ገንዘብ አንድ ላይ ታስገቢያለሽ። ልጅቷ ጀርመን እስክትገባ አንድ ሳንቲም አይነካም። ከዚያ በየወሩ እየቆረጡ ይለቁላታል። መጠኑን የሚተምኑት የራሳቸው ተማሪ ከመንግሥት የሚያገኘውን የድጋፍ ጣሪያ አይተው ነው። ያኔ በወር 934 ዩሮ፣ በዓመት 11,208 ዩሮ ነበር። በባንክ ዋጋ ዩሮው 62 ብር ገደማ ነበር። ወደ 700 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ሁለት እቁብ ወጣልኝ፣ የእናቴን ወርቅ ሸጥኩ፣ ከሱቁም ጨመርኩበት። ሞላ! ባንክ ሄድኩ። የውጭ ምንዛሪ ተራ ያዢ አሉኝ። ያዝኩ።

ተራዬን እየጠበቅኩ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ነሐሴ 26 ደግሞ ጀርመኖቹ የወሩን ወደ 992 አሳደጉት፤ የዓመቱ 11,904 ዩሮ ሆነ። በአንድ ክረምት ከዚህም ከዚያም ተያዝን። ያ ሁሉ የሰበሰብኩት ብር ግማሹን እንኳ የሚሸፍን አልመስልሽ አለኝ። ልጅሽ ምንም አላለችም። የመቀበያ ደብዳቤዋን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። የዚያ ዓመት ትምህርት አለፋት።

ያወጣን ካናዳ ያለው ወንድሜ ነው። ዝግ ሒሳቡ ውስጥ ዘመድም ገንዘብ ማስገባት ይችላል፤ የግድ ከተማሪው እጅ ይምጣ አይባልም። እሱ ከራሱ ከፈለ። እኔም ገንደ ቆሬ ካለው የአባታችን ቤት ድርሻዬን ለእሱ ለቀቅኩ። አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። ግቢው ውስጥ ያለውን የሎሚ ዛፍ ታስታውሺዋለሽ፤ እዚያ ስር ነበር ፊዚክስ የምታስጠኚኝ። አሁንም እንደፈለግኩ እገባለሁ። ግን ስገባ እንግዳ ነገር እሆናለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክታ እንደገና ተቀበሏት። አካውንቱን ለመክፈት ተቀመጥን፤ እሷ ስልኳን ይዛ፣ እኔ ወረቀቶቹን ይዤ። የመጀመሪያው ጥያቄ የቤተሰብ ስም ነው። የእኛን ሰው የቤተሰብ ስም ማን ይበለው? የአባቷን ስም አስገባች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው የአያት ስም ቀረ። ከሦስት ቀን በኋላ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም ብለው መለሱት። ስናይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ላይ የአባቷ ስም አንድ ፊደል ይጎድለዋል። እሱን ለማስተካከል ሌላ ሁለት ሳምንት ሄደ።

ቀጥሎ አድራሻ። የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የፖስታ መለያ ይላል። እኛ ቤት የሚመጣ ሰው «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ተብሎ ነው የሚመጣው። ማስረጃ ሲሉ የመብራት ቢል አወጣሁ። ቢሉ እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ነው። አባቴ ካረፈ ስንት ዓመቱ! ከቀበሌ የነዋሪነት ወረቀት አጽፈን፣ አስተርጉመን ላክን።

የልደት ቀኗም አስቸገረን። የድሮ ወረቀቶቿ በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሲሞላ ሄደዋል። ያን ሌሊት ታውቂዋለሽ፤ ከ200 በላይ ሰው የበላ ጎርፍ ነው። እኔ ልጄን ነው ያወጣሁት፣ ወረቀት ማን አሰበ። በኋላ ያወጣንላት የልደት ካርድ በእኛ አቆጣጠር ነበር። አንዱ ተርጓሚ ወደ ፈረንጅ ሲገለብጠው በሰባት ቀን ሳተ። ባንክ ደግሞ ሰባት ቀን ልዩነት ሲያይ ሁለት ሰው ነው የሚለው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ግብር የምትከፍይው የት ሀገር ነው? የአሜሪካ ዜጋ ነሽ? ባለሥልጣን ዘመድ አለሽ? በመጀመሪያ ልጄን ወንጀለኛ ያደረጓት መሰለኝና ተናደድኩ። እሷ ናት ረጋ ብላ ያስረዳችኝ። ይህን ሁሉም ባንክ ለሁሉም ሰው ይጠይቃል፤ የገንዘብ ማጠብ ሕግ ነው፣ ሀገሮች ስለ ግብር መረጃ ስለሚለዋወጡም ነው። ከውጭ ሆኖ የሚከፍት ሰው ላይ ደግሞ ይጠነክራል፤ ፊቱን አላዩትማ። ወንድሜ የደሞዝ ወረቀቱንና «ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት ነው» የሚል ፊርማ ላከ። ተቀበሉት።

ይሄኔ አባቴ ትዝ አለኝ። ምድር ባቡር እያለ ደሞዙን የሚያስቀምጠው መጋላ አንድ ሱቅ ነበር። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። «አደራ» ይላል፣ ይሰጣል። በፈለገው ቀን ሄዶ ይቀበላል። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ሴቶችም ፍራንካቸውን ለሚያምኑት ሰው ትተው ነበር የሚመጡት። እኔ ያደግኩት ያንን እያየሁ ነው። ሰው ያውቀኛል፣ በቃ፣ ያ ማስረጃ ነው። አንቺንም የጠየቅኩሽ በዚያ ልማድ ነው። አንቺ ግን የምትኖሪው ፊርማ ሌላ ክብደት ባለው ሀገር ነው።

ገንዘቡ ሲላክ ደግሞ ሌላ ነገር። ወንድሜ 11,904 ዩሮና የአገልግሎቱን ክፍያ አንድ ሳያጎድል ላከ። የደረሰው 31 ዩሮ ጎድሎ ነው። መንገድ ላይ ያለ አገናኝ ባንክ ቆርጦ ቀርቷል። 31 ዩሮ ስለጎደለ የቪዛውን ማረጋገጫ ደብዳቤ አልሰጥም አሉ። የኤምባሲው ቀጠሮ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ወንድሜ እንደገና ላከ፤ አሁን የመላኪያውን ወጪ ሁሉ ላኪው ይሸፍን የሚለውን መርጦ። በሰባተኛው ቀን ማታ ደብዳቤው መጣ። ልጅሽ ስልኩን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። በነጋታው አዲስ አበባ ወጣን።

አሁን ልነግርሽ የፈለግኩት ጋ ደረስኩ። ቀጠሮው ዋዜማ የኤምባሲውን ዝርዝር እያነበበችልኝ ነበር። ገንዘብ ማሳያው ላይ ስትደርስ ዝግ ሒሳብ ይላል፣ ቀጥሎ የዋስትናው ወረቀት ይላል። «እማዬ፣ ይህን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። ፈራሚው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርቦ ገቢውን ያሳያል። የራሱ ቤተሰብ ከሚያስፈልገው በላይ ካልተረፈው አይቀበሉትም። ከፈረመ በኋላ ልጅቷ ብትታመም፣ ብትቸገር፣ መንግሥት ያወጣባትን ሁሉ ይጠይቁታል። ለአምስት ዓመት።

አምስት ዓመት። ሁለት ልጅ በግማሽ ቀን ሥራ የምታሳድጊ ሴት። ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪ። እኔ «አንድ ፊርማ ናት» ያልኩሽ ይህንን ነው።

ቢሮው ሄደሽ ጠይቀሽ እንደነበር የሰማሁት ደግሞ ቅርብ ጊዜ ነው። እህትሽ ናት የነገረችኝ። ገቢሽ አይበቃም ብለው መልሰውሻል። ያን ሳትነግሪኝ ነው «አልችልም» ያልሽኝ። ለምን አልነገርሽኝም? አይደለም፣ ይቅር። አውቀዋለሁ። እኔም ብሆን ለአንቺ ጎደለኝ ማለት ይከብደኛል።

2005 ላይ ለእረፍት መጥተሽ ዳያስፖራ አካውንት ስትከፍቺ አብሬሽ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ሰፈራችን ነው ያደገው፣ እናትሽን በስም ይጠራል። ግን ፓስፖርት አምጪ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አምጪ፣ ቢያንስ 100 ዶላር አስገቢ አለሽ። «የተወለድኩበት ከተማ ነዋሪ ያልሆነች ተባልኩ» ብለሽ ስትወጪ ዓይንሽ ቀላ። እኔ ያኔ ምን አስለቀሳት ብዬ ነበር። ልጄ ያንኑ ቃል ፎርሙ ላይ ስትመርጥ ገባኝ።

ልጅሽ መስከረም መጨረሻ ላይ ገባች። ላይፕዚግ ናት። የቤት ምዝገባውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨረሰች። ከዚያ የወሩ ገንዘብ የሚገባበት ተራ የባንክ ደብተር ያስፈልጋታል። የመጀመሪያው ባንክ ምክንያት ሳይሰጥ አልከፍትም አላት። በቪዲዮ የሚያረጋግጠው ሌላኛው ፓስፖርቷን አልቀበልም አለ። ሦስት ሳምንት በያዘችው ጥሬ ገንዘብ ዳቦና ምስር ስትበላ ቆየች፤ ለእኔ አልነገረችኝም። በኋላ አብራት የምትማር ልጅ ባዚስኮንቶ ጠይቂ አለቻት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ፣ ቋሚ አድራሻ የሌለው ስደተኛም ቢሆን፣ መሠረታዊ አካውንት የማግኘት መብት አለው። ባንኩ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ፎርሙን ሞልታ በእጇ ሰጠች። ከፈቱላት። የመጀመሪያው 992 ዩሮ ሲገባ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። 22 ፊደልና ቁጥር ያለውን የአካውንት ቁጥሯን እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት አንቺ ጋ መደወል ትችል ነበር። ልትደውል ፈልጋም ነበር። «እንዳትደውይላት» ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል። የተቀየምኩት አንቺን፣ የተራበችው ልጄ።

ይቅር በይኝ።

ቁጥርሽን ትናንት ላክሁላት። እሁድ ከሰዓት ትደውልልሻለች። ድምጿ እንደ እኔ ነው፤ እንዳትደናገሪ። ሻንጣዋ ውስጥ ለእናቷ ጓደኛ ብዬ በቢጫ ጨርቅ የቋጠርኩት የቡና ቅጠል አለ፣ ለቁጢ። ተቀይሜሽ እያለሁ እንኳ ቋጥሬዋለሁ፤ እጄ ራሱ ነው ያደረገው። መቼ ስጫት እንደምላት ሳላውቅ እሷ ዘንድ ተቀምጧል። ወተት አብዥበት፤ እናትሽ እንደሚያፈሉት።

ሲደርስሽ ደውይልኝ። አነሳለሁ።

እህትሽ
ከቀፊራ