ሜዳው ሳይነካ ትምህርት ቤቱ ወደ ላይ ይሠራ፦ ከወላጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለመንደራችን ነዋሪዎች፣ በዚህ ትምህርት ቤት ተምራችሁ ዛሬ በሌላ ሰፈር ወይም በውጭ አገር ለምትኖሩ፣ እንዲሁም በአካባቢያችን ለምትሠሩ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች በሙሉ፦

ይህን ጥሪ የምናቀርበው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና በቀድሞው የገበሬ መንደር መካከል በሚገኘው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን የምናስተምር ወላጆች ነን። የምንጠይቀው አራቱ ምድር ላይ፣ አራቱ ፎቅ ላይ የሚሆኑ ስምንት የመማሪያ ክፍሎችን ለመሥራት የሚውል ድጋፍ ነው።

የክፍሎቹን ጥበት ላላየ ሰው በቁጥር ማስረዳት ይሻላል። አንዱ የመማሪያ ክፍል ሰባት ሜትር በስምንት ሜትር፣ ማለትም 56 ካሬ ሜትር ነው። በአገራችን የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራሞች ለመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ የመምህሩ መቆሚያና የዴስኮቹ መተላለፊያ ሳይቀነስ፣ ከአንድ ካሬ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ይደርሰዋል። በእኛ ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚቀመጡት ልጆች ግን በየክፍሉ ከ80 አያንሱም። ለሦስት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ይቀመጣሉ፤ መሐል ያለው ልጅ ወደ ሰሌዳ ሲጠራ ዳር ያሉት ተነሥተው ማሳለፍ አለባቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። መምህሯ ሌላ ምንም ሳትሠራ ይህን ጊዜ ለልጆቹ ብታካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ደብተር ለማረም ለአንዱ ልጅ ሁለት ደቂቃ ብትሰጥ ደግሞ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅባታል፤ ያውም የአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ። የልጆቻችን ደብተር ቀይ እስክሪብቶ ሳይነካው ሲሞላ መምህራኑን ለመውቀስ አፋችን ያልደፈረው ለዚህ ነው።

ጥበቱን ለማቃለል ሲባል ትምህርቱ ለሁለት ፈረቃ ተከፍሏል። በስብሰባችን ላይ ከተናገሩት እናቶች አንዷ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ናቸው። ሳይነጋ ከቤት ይወጣሉ፤ አንደኛ ክፍል የሆነችውና የከሰዓት ፈረቃ የደረሳት ልጃቸው እስከ ስድስት ሰዓት በር ተዘግቶባት ብቻዋን ትቆያለች። ሦስተኛ ክፍል የሆነው ወንድሟ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነ እሱ ሲመለስ እሷ ትወጣለች፤ ቁልፍ ተቀባብለው ይለያያሉ። እኚህ እናት ስለ ትምህርት ጥራት አንድም ቃል አልተናገሩም። «ሁለቱን ባንድ ሰዓት አስገብቼ ባንድ ሰዓት ብወስዳቸው ሌላ አልፈልግም» ብለው ተቀመጡ። ከእሳቸው በኋላ ብዙዎቻችን ረዘም አድርገን የተናገርነው ይህንኑ ነበር።

ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ሲከፈት ዙሪያው ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት እርሻ ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ወደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ከደረሰ ወዲህ ግን ዳርቻው ራሱ ከተማ ሆኗል፤ ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ መዋቀሩ የዚሁ ምልክት ነው። ዕጣ የደረሰው ገባ፣ የመሀል ከተማ ኪራይ የከበደው ተከተለ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት የተነሡ ቤተሰቦች መጡ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚካሄደው የተማሪዎች ምገባም ቤት ይውሉ የነበሩ ልጆችን ወደ ክፍል አምጥቷል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። ሰው ሲጨምር የክፍሎቹ ቁጥር ባለበት መቆየቱ ነው ችግሩ።

በወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሁሉም ሰው አልተስማማም። የተቃወሙትን ሐሳብ ደብቀን ድጋፍ መጠየቅ ተገቢ ስላልመሰለን እዚህ እንጽፈዋለን። መጀመሪያ የተነሡት አንድ የሚኒባስ ሾፌር ናቸው፤ «ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ የምከፍለው በምን ምክንያት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄያቸው የሕግ መሠረት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለትምህርትና ለሌሎች የማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ ይጥልበታል፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እስከ አሥረኛ ክፍል ያለው ትምህርት ከክፍያ ነፃ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ስለዚህ የምናዋጣው የመንግሥትን ግዴታ እንደማይተካ በቃለ ጉባኤያችን አስፍረናል፤ የመምህራን ቅጥር፣ ደመወዝና መጻሕፍትም ከጥያቄያችን ውጭ ናቸው። ይሁን እንጂ የግንባታ በጀት ከብዙ ትምህርት ቤቶች ጋር ተራ ይጠብቃል፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ደግሞ ተራ ሳይጠብቅ በየዓመቱ አንድ ክፍል ያልፋል። ሕንፃው ከአምስት ዓመት በኋላ ቢደርስ ያ ልጅ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ለመፈተን ተዘጋጅቶ ነው የሚያገኘው። ሾፌሩ በዚህ መልስ አልረኩም፤ ዛሬም ሐሳባቸው ያው ነው። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ሥራ የምናስተባብረውን የወላጆች ኮሚቴ አባላት የግንባታ ዕቃ ዋጋ ለመጠየቅ በነፃ የሚያመላልሱን እሳቸው ናቸው።

ከሁሉ የረዘመው ክርክር ስለ ሜዳው ነበር። የኮሚቴው የመጀመሪያ ሐሳብ ከሰንደቅ ዓላማው መስቀያ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ስምንቱን ክፍሎች በአንድ ረድፍ ምድር ላይ ዘርግቶ ቆርቆሮ ማልበስ ነበር። ወጪው ያነሰ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ይህን ሐሳብ ያስቀየሩን በዚሁ መሬት ላይ ተወልደው ያደጉና አሁን የልጅ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ሜዳው ድሮ የአካባቢው ገበሬዎች ጤፍ የሚወቁበት አውድማ እንደነበረ አስታውሰውን፣ «እርሻው ሁሉ ሕንፃ ሆነ፤ ልጆች ሊኖሩበት ነው ብዬ ዝም አልኩ። የሚሮጡባትን ይህችን ግን ተዉላቸው» አሉ። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን ሜዳው ላይ የሚሆነውን መቁጠር ጀመርን፤ የጠዋት ሰልፍ የሚቆመው፣ የስፖርት ትምህርት የሚሰጠው፣ የምገባው ተራ እስኪደርስ ልጆቹ የሚጠብቁት እዚያ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ልጆች የጨርቅ ኳስ የሚጫወቱበት፣ የሁለት እድሮች ድንኳንም የሚተከልበት ሌላ ቦታ በሰፈሩ የለም። አንድ ወላጅ እንዳሉት፣ ክፍል ለመጨመር ሜዳውን ብንበላው ጥበቱን ከቤት ውስጥ ወደ ደጅ አወጣነው እንጂ አላቃለልነውም።

ስሌቱን ስንሠራ ስምንቱ ክፍሎች ምድር ላይ ቢዘረጉ ከነበረንዳቸው ከ600 ካሬ ሜትር በላይ ይይዛሉ። በአንድ ፎቅ ቢሠሩ ግን ደረጃው ተጨምሮም ቢሆን ከዚያ ግማሽ ብዙ የማይበልጥ ቦታ ይበቃል፤ ያን ያህል ቦታ ደግሞ በሰሜኑ አጥር ሥር፣ አሁን የተሰባበረ ዴስክ በተከመረበት ጥግ ይገኛል። ፎቅ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) እና ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ስለሚጠይቅ ወጪው እንደሚጨምር እናውቃለን። ጭማሪውን የምንከፍለው ለሜዳው ነው ብለን ተስማምተናል፤ ጸሐፊው በበኩሌ ከወሰንናቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራበት ይህንን ነው።

ወደ ላይ መሥራት መሠረቱንም ከባድ አደረገው። በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ በብዙ ቦታ ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈ ግድግዳም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። በነባሩ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ የወረደው ስንጥቅ የመጣው ከዚህ ነው፤ ልጆች እርሳስ ይከቱበታል። በአዲሱ ሕንፃ ያው እንዳይደገም ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ድረስ ዋልካው ተቆፍሮ መውጣት፣ በምትኩም ገረጋንቲ (ለሙሌት የሚሆን ጠጠራማ አፈር) በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ይህ ሥራ ሲያልቅ አፈር ውስጥ ስለሚቀር ፎቶ አይነሣም፣ ሪባንም አይቆረጥለትም፤ ለጋሽ የሚያገኘው በችግር ነው። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን ድጋፍ የምንፈልገው ለእሱ ነው። ቁፋሮው በጥር ተጀምሮ ሙሌቱና መሠረቱ ከግንቦት በፊት ካላለቀ ሰኔ ሲገባ ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል፤ አንድ ዓመት ይባክናል።

«ጉልበት አለን፣ በደቦ እንሥራው» ያሉ ወላጆችም ነበሩ። ሐሳባቸው የሚወደድ ቢሆንም የአገሪቱ የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚጠይቁት ጋር መድቧቸዋል። ንድፉን ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ማዘጋጀት፣ ግንባታውንም ፈቃድ ያለው ተቋራጭ በመሐንዲስ ቁጥጥር ማከናወን አለባቸው። በራሳችን ልጆች ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ሶሌታ በመሆኑ አዋጁ ባይኖርም ይህንኑ እንመርጥ ነበር። የጉልበት ድጋፍ የሚያስፈልገው የተከመረውን ዴስክ ለማንሣት፣ ዕቃ ለማውረድ፣ አርማታውን ውኃ ለማጠጣትና በመጨረሻ ቀለም ለመቀባት ነው።

በሌላ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንዲት ወላጅ ደግሞ ሕንፃ ብቻውን ልጅ እንደማያስተምር አሳሰቡን። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ጠቅሰው፣ ጉድለቱ የሚጀምረው ማንበብ መለመድ ባለበት በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል መሆኑን ከሥራ ልምዳቸው አስረዱ። ለዚህም ነው አዲሶቹ ክፍሎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ላሉት ልጆች እንዲሆኑ የተወሰነው። ክፍሎቹ ሲያልቁ እነዚህ ልጆች ፈረቃ ቀርቶላቸው ሙሉ ቀን ይማራሉ፤ በአንድ ክፍል የሚቀመጡትም ከ80 ወደ 60 ገደማ ይወርዳሉ። 50 ላይ አንደርስም፤ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያሉትም ለጊዜው በፈረቃ ይቀጥላሉ። ይህን ሳይነገረው ያዋጣ ሰው በኋላ ተታለልኩ እንዳይል አስቀድመን እንናገራለን።

የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የሚያስፈልገንን በብር ብቻ መግለጽ አልፈለግንም። ገጹ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ተኩል ይገባል፤ የአንድ ክፍል ግድግዳ በሩና መስኮቶቹ ተቀንሰው 70 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ የሚሰበረው ታስቦ ለአንድ ክፍል 900 ብሎኬት ያስፈልጋል። አንድ እድር፣ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ተባብረው የአንድ ክፍል ግድግዳ ሊይዙ ይችላሉ፤ አሥር ብሎኬት የሚችልም አሥሩን ያምጣ። ለመሠረቱ ዋልካ የሚያወጣና ገረጋንቲ የሚያመጣ ገልባጭ መኪና፣ ለጥቂት ቀናትም ቢሆን፣ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ይጠቅመናል። ሲሚንቶና ፌሮ የምትነግዱ በመጡበት ዋጋ ብትሰጡን፣ መሐንዲሶች የሆናችሁም ቅዳሜን ብትሰዉልን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ገንዘብ የሚገባው በወላጅ መምህር ኅብረቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ሲሆን የሚወጣው በሦስት ሰዎች፣ ማለትም በወላጆች ተወካይ፣ በርእሰ መምህሩና ከእድሮቹ በተመረጠ አንድ ሽማግሌ ፊርማ ነው። የሒሳቡ ቁጥር በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳና በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ማኅበር ጽሕፈት ቤቶች ተለጥፏል። በስልክ መልእክት ቁጥር አንልክም፤ በዚህ ሥራ ስም የሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ልኮ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር ከእኛ አይደለም። ለሚገባው ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የገባው ድምርና የወጣው ወጪ በየወሩ መጨረሻ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የሰጪዎችን ስም ከነመጠኑ ግን አንለጥፍም፤ «የእሱ አባት ይህን ያህል፣ የእሷ እናት ምንም» የሚል ወሬ ክፍል ውስጥ እንዲገባ አንፈልግም። ወላጁ ስላላዋጣ ከምዝገባ፣ ከምገባ ወይም ከውጤት ካርድ የሚከለከል ልጅ አይኖርም፤ ይህ የጠቅላላ ስብሰባው ውሳኔ ስለሆነ ኮሚቴው ሊለውጠው አይችልም።

ዕቃ የምታመጡ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን እንረከባለን፤ የጫነ መኪና በኋለኛው በር ይግባ። በሥራ ቀን መምጣት ግድ ከሆነባችሁ ከስድስት ሰዓት በፊትና በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ተዉልን፤ በዚያ ሰዓት የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ስለሚገባ መንገዱ በልጆች ይሞላል።