ይድረስ ለእማዬ፣ ሱሉልታ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ተተከለልሽ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ፊት ለፊት ስናገር «አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?» ብለሽ ስለምታስቆሚኝ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው።

እሁድ ስገባ ከረከቦቱ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ቡና እየቆላሽ ነበር። ስታዪኝ ነጠላሽን ጉልበትሽ ላይ ጎተት አደረግሽው። ጉልበትሽ ከወገብሽ በላይ እንደወጣ ግን አይቻለሁ። ክራንችሽም በር ጥግ ቆሞ ፎጣ ተሰቅሎበታል።

ሆስፒታል ሳለሽ «ሲሚንቶ ከሌለው ምን ይይዘዋል?» ብለሽ ነበር። የሐኪሞቹ ሲሚንቶ በደጃችን በሲኖትራክ የሚያልፈው የደርባ ሲሚንቶ አይደለም፤ ለጥርስ ሥራም የሚውል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። አጥንቱ ለሳሳ ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል። አንቺ ገና 63 ዓመትሽ ነው፣ አጥንትሽም ጠንካራ ስለሆነ ያለ እሱ ተሠራልሽ። ጭንሽ አጥንት ውስጥ ጠብቆ የገባው የቲታኒየም ብረት ገጹ ሻካራ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ የራስሽ አጥንት እዚያ ውስጥ እያደገ ነክሶ ይይዘዋል። ለዚህ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። አንቺ ገና 4ኛው ላይ ነሽ።

ቤታችን ሲሠራ ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ጠዋት ማታ ውሃ እያጠጣሽ፣ ግንበኛውን ሳይቀር «ማንም እንዳይረግጥብኝ!» እያልሽ ዱላ ይዘሽ ስትጠብቂ ትዝ ይልሻል? ለዳሌሽ ያንን ግማሹን ብታደርጊለት ምን አለ?

የበርጩማው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ዝቅ ብለሽ ስትቀመጪና ስታጎነብሺ የመገጣጠሚያው ኳስ ከጎድጓዳዋ ልትወልቅ ትችላለች። ቁጢጥ ማለትም፣ እግር ማነባበርም ያው ነው። አናጢው የሠራልሽ ባለ ቀዳዳ ወንበር ቦታው ሽንት ቤት ነው እንጂ የጤፍ ማዳበሪያ ማስቀመጫ አይደለም። ስለ ስግደቱም የንስሐ አባትሽን ጠይቄያቸዋለሁ፤ «እስክትድን ተቀምጣ ትጸልይ» ብለዋል። እኔን ባትሰሚ እሳቸውን ስሚ።

ጭንሽን ወጋ የሚያደርግሽ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያጋጥም ነው። ባትሽ ካበጠ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ግን እሁድን አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።

ረከቦቱን ጠረጴዛው ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ሆነሽ ቅጂ። በርጩማዋን አትፈልጊያት። ይዣት መጥቻለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ እሷው ላይ ተቀምጬ ነው።

ልጅሽ