በርሜሎቹን መጥረቢያ እንዳይነካቸው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እነዚያ ሁለት አሮጌ የእንጨት በርሜሎች ደርቀው ውሃ ስለሚያፈሱ ለማገዶ ይሁኑ ብለሻል። እማዬ፣ እባክሽ መጥረቢያ እንዳይነካቸው፤ ለተክልሽ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆኑልሻል። ስልኩ ስለተቆረጠ ነው እንጂ ያኔውኑ ልነግርሽ ነበር።

እዚህ የተከራየሁበት ቤት ጓሮ ውስጥ የወይን ጠጅ የነበረበት በርሜል ተጥሎ አገኘሁ። በጣውላዎቹ መሃል ቢላዋ ያስገባል። ውሃ ስሞላበት በየስንጥቁ እንደ ክር እየወረደ ጫማዬን አራሰው። ተስፋ ቆርጬ ልተወው ነበር። ግን ሲጎድል እየሞላሁ ዋልኩ። በማግስቱ ጠብ ጠብ ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ከውጭ በኩል በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው! ለካ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጣውላው ከጣውላው ይጋጠማል። ሙጫ የለው፣ ምን የለው።

ስለዚህ ታናሼን እንዲህ በይው። መጀመሪያ የላሉትን የብረት ቀለበቶች በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ወደ በርሜሉ ሆድ ይግፋቸው። ከዚያ ይሙላው፣ ይጠብቅ። ሁለት ሦስት ቀን ቢፈጅ አይቸኩል። ብቻ ቀድሞ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ከሆነ ይቅር፤ ለተክል አይሆንም።

ማስቀመጫው ላይ አደራ። የእኔው 225 ሊትር ይይዛል። ሲሞላ ውሃው ብቻ 225 ኪሎ ነው፤ የእንጨቱ ክብደት ሌላ። ለስላሳ አፈር ላይ ከቆመ ይዘማል። መሬቱን አስተካክሎ ብሎኬት ይደርድርበት። ከፍታው ባልዲ ከቧንቧው ሥር የሚገባበት ያህል ይሁን። አንቺ ጎንበስ ብለሽ እንድትቀጂ አልፈልግም፤ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም ለዚሁ ወገብሽ ብዬ ነው። ቧንቧውን ከታች ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይግጠመው። ደለሉ ከሥር ይቀራል፣ ቧንቧውም አይደፈንም።

ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ከላይ በክዳኑ ቀዳዳ ይግባ። ቀዳዳው ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ይወጠርበት። በሙቀት ጊዜ የትንኝ እንቁላል በሳምንት ገደማ ውስጥ ትንኝ ሆኖ ይበራልና ወንፊቱ የግድ ነው። ክዳኑም ልጅ የማይከፍተው ይሁን። ከአፉ ዝቅ ብሎ ደግሞ የትርፍ ውሃ ቱቦ ያስገባለት። ከመጀመሪያው የተረፈው ወደ ሁለተኛው በርሜል ይሄዳል፤ የሁለተኛው ትርፍ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይፍሰስ።

ይሞላል ወይ እንዳትዪኝ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 30 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከጣለ 300 ሊትር ይሆናል። የሚባክነው ባክኖ እንኳ አንዱን በርሜል ሞልቶት ያድራል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሌሊት ዝናቡ ባዶው ሆድ ውስጥ ሲወርድ እየሰማሁ ተነስቼ መስኮት ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ ድብ ድብ ይላል። እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። ያን ድምፅ አንቺም እንድትሰሚው እፈልጋለሁ።

ውሃው መጀመሪያ ቡናማ ቢሆን አትደንግጪ፤ የእንጨቱ ቀለም ነው፣ እየቆየ ይጠራል። ለመጠጥ ግን እንዳታስቢው። ከጣሪያው ላይ አቧራም የወፍ ኩስም ይዞ ይወርዳል። ድርቁ ሰንብቶ የሚጥለውን የመጀመሪያ ዝናብማ ጭራሽ ወደ በርሜሉ አታስገቢው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። በበጋ ባዶውን ፀሐይ ላይ አይዋል። ከደረቀ ተመልሶ ይከፈታል። ጥላ ይፈለግለት፣ ውሃም አይለየው።

ታናሼ ዛሬውኑ ይሙላቸው። በሦስተኛው ቀን ከውጭ በኩል በእጅሽ ዳስሺያቸውና ደውዪልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ