ለእህትዓለም፣ ከናሽቪል

ይድረስ ለእህትዓለም፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሽ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ተቆጪ፣ መብትሽ ነው። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

በመስከረም መጨረሻ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ነበር። እሷ የተማረችበት ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጅ ነው፤ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። በየዓመቱ በኦክቶበር 6 የመዘምራናቸውን ቀን ያከብራሉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ይዘምራሉ፤ ከዚያ የጥንቶቹ መዘምራን መቃብር ድረስ ይሄዳሉ። መቃብሩ ጋ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ሲዘምሩ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

በፈረንጆቹ 1871 ትምህርት ቤቱ በዕዳ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ዘጠኝ ተማሪዎች እየዘመሩ ገንዘብ ሊያሰባስቡ ወጡ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው። የወላጆቻቸውን መዝሙር ግን መጀመሪያ ሰው ፊት ማዜም አይፈልጉም ነበር። የባርነቱን ዘመን ያስታውሳቸዋል፤ ደግሞም ለነሱ ቅዱስ ነገር ነው። በር ዘግተው ለብቻቸው ነበር የሚሉት። ኋላ አደባባይ ሲያወጡት ዓለም አለቀሰ። ባመጡት ገንዘብ የተሠራው ጁብሊ ሆል ዛሬም ቆሟል። የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ነው። ዶርም ማለት ነው፣ እንደኛው።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ወደ 1900ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የተማሩ ወጣቶች በነዚያ መዝሙሮች ያፍሩ ነበር። ላቲንና ግሪክኛ እያጠኑ የባሪያ ዜማ ምን ያደርግልናል አሉ። ጆን ዌስሊ ወርክ የሚባል መምህር አልተዋቸውም። ያው ላቲን የሚያስተምረው እሱ ነው! ከወንድሙ ጋር ዜማዎቹን ሰብስቦ አሳተመ። ተማሪዎችን አደራጅቶ አስዘመረ። በገና ሌሊት፣ ሳይነጋ፣ ግቢውን እየዞሩ ይዘምሩ ነበር። እስቲ አስቢው፣ ተኝተሽ በጨለማ ያንን ድምፅ ስትሰሚ! በ1909 ራሱ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ በሸክላ አስቀረጸው። ሸክላው ይንሿሿል፤ ድምፃቸው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ደጋግሜ አዳመጥኩት።

በዚያው ዘመን ሮላንድ ሄይስ የሚባል ልጅ እዚያ ተምሯል። እናቱ በባርነት የኖረች ናት። ያ ልጅ በ1923 ከቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ዘመረ። በየትልልቁ አዳራሽ የጀርመኑንም የጣሊያኑንም ካዜመ በኋላ የእናቱን ወገኖች መዝሙር አይተውም ነበር።

አሁን ወደኛ ልመለስ። ሁለተኛ ዓመት ላይ መብራት የጠፋበት ሌሊት ትዝ ይልሻል? አልጋሽ ላይ ተቀምጠሽ የአያትሽን የወፍጮ እንጉርጉሮ ጀመርሽ። ከመንዝ ይዘሽው የመጣሽውን። “እዚህ ጋ አያቴ መጁን ወደራሷ ስትስብ ትንፋሽ ትወስዳለች” ብለሽ ዝም አልሽ። እኔ ያን ዝምታ ጠብቄ “ኧረ ተይን፣ የባላገር ዘፈን!” አልኩሽ። ልጆቹ ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቀን ስታንጎራጉሪ አልሰማሁሽም።

እኔም ያደግኩት ወፍጮ ካለበት ቤት ነው። የኔም አያት እየፈጨች ታንጎራጉር ነበር። ከከተሜዎቹ ልጆች ፊት ይህ እንዳይታወቅብኝ ስል ነው አንቺን ያሳፈርኩሽ። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ስልክ ለመደወል ባሰብኩ ቁጥር የሚይዘኝ እሱ ነበር። ይቅር በይኝ እህቴ።

የኔዋ አያት ካረፈች ቆየች። ከእንጉርጉሮዋ አንድ ስንኝ እንኳ አልያዝኩም። ያንቺዋን ግን አንቺ ታውቂያለሽ። ልጆቹ ሲተኙልሽ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በቴሌግራም ቅጂልኝና ላኪልኝ። ጫጫታ ባይኖርበት ደስ ይለኛል፤ ቢኖርበትም ግድ የለም። አያትሽ የምትተነፍስበት ቦታ ስትደርሺ ዝም በይ። አትዝለዪው። እጠብቃለሁ።

ያንቺው እህት